ሊንከን በኮንግረስ ለምን አንድ ዘመን ብቻ ቆየ?

ጥያቄ፦ አብርሃም ሊንከን ፕሬዚዳንት ከመሆኑ በፊት በአሜሪካ ኮንግረስ የቆየው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። የሜክሲኮን ጦርነት ስለተቃወመ ሕዝቡ በምርጫ ጣለው ይባላል። እውነት ነው? ከዚያስ በምን ተዳደረ?

መልስ፦ አልተጣለም፤ እ.ኤ.አ. በ1848 ከነጭራሹ አልተወዳደረም። በኢሊኖይ ግዛት ሊንከን አባል የነበረበት የዊግ ፓርቲ በእርግጠኝነት የሚያሸንፈው በስፕሪንግፊልድ ዙሪያ ባለው አንድ የምርጫ ክልል ብቻ ነበር። ያንን ወንበር ሦስት ጠበቆች ይፈልጉታል፤ ጆን ሃርዲን፣ ኤድዋርድ ቤከርና ሊንከን። በ1843 ፔኪን ከተማ በተደረገው ጉባኤ ሃርዲን ሲታጭ፣ ለቀጣዩ ቤከር እንዲደገፍ የውሳኔ ሐሳብ ያቀረበው ሊንከን ነው። ከዚያ ወዲህ ወንበሩ በተራ ይያዛል የሚል መግባባት ሰፈነ።

የቃል ስምምነት የሚፈርሰው ተራው ያለፈ ሰው ተመልሶ ሲመጣ ነው፤ ሃርዲንም ለ1846 ምርጫ መጣ። ሊንከን ግን ለጥብቅና በየአውራጃው ሲዞር የፓርቲውን ሰዎችና የጋዜጣ አዘጋጆችን በአካልም በደብዳቤም ቀድሞ ይዟቸው ነበር። ሃርዲን ራሱን አገለለ። ሊንከንም ሰባኪውን ፒተር ካርትራይትን አሸንፎ በታኅሣሥ 1847 ምክር ቤት ገባ። «ተራዬ ነው» ብሎ የተመረጠ ሰው ደግሞ ተራውን መልቀቅ ግድ ይሆንበታል። ለጥብቅና ሸሪኩ ለዊልያም ሄርንደን ግን ሌላ የሚፈልግ ከጠፋ እምቢ እንደማይል ጽፎለት ነበር።

አሜሪካ ከሜክሲኮ ጋር ያደረገችውን ጦርነት በተመለከተ የጠየቀው እንደ ጠበቃ ነው። ፕሬዚዳንት ፖልክ «ደም የፈሰሰው በምድራችን ላይ ነው» ሲል፣ ሊንከን ቦታው በእርግጥ የማን እንደሆነ እንዲያስረዳ የሚጠይቁ ስምንት ነጥቦች አቀረበ። ምክር ቤቱ አልተቀበላቸውም፤ የተቃዋሚ ጋዜጦችም ተሳለቁበት። በ1848 ወንበሩን ያጣው ግን ተራው የደረሰው የቀድሞ ሸሪኩ እስጢፋኖስ ሎጋን ነው፤ ያሸነፈውም ከሜክሲኮ ጦርነት የተመለሰ መኮንን ነበር።

ከዚያ ሊንከን የመንግሥት መሬት መሥሪያ ቤት ኃላፊነትን ፈልጎ ለሌላ ተሰጠበት። የኦሪገን አገረ ገዥነት ሲቀርብለት አልተቀበለም። ወደ ጥብቅናው ተመለሰ፤ በእኔ ግምት እውቀቱ የበሰለው በእነዚህ ዓመታት ነው። ኢሊኖይ ሴንትራል የተባለውን የባቡር ኩባንያ ከአውራጃ ግብር ነፃ ካስደረገ በኋላ 5,000 ዶላር ጠየቀ። ኩባንያው አልከፍልም ቢለው ከስሶ ረታው፤ ገንዘቡንም ከሄርንደን ጋር እኩል ተካፈሉት።