መልስ፦ ካስፔዝ ሴሉን ፈጭቶ ነው የሚገድለው?

ወንድሜ፣ ካስፔዝ (ሴል በፕሮግራም ራሱን ሲገድል የሚሠራው ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም) ሴሉን የሚገድለው ፕሮቲኑን በሙሉ ፈጭቶ ነው ወይ ብለሃል። አይደለም። እሱ የጨጓራችን ፔፕሲን ሥራ ነው። ካስፔዝ መራጭ ነው፤ የተመረጡ ፕሮቲኖችን ብቻ፣ ያውም አስፓርቲክ አሲድ (ከፕሮቲን መሥሪያ አሚኖ አሲዶች አንዱ) ካለበት ቀጥሎ ይቆርጣል።

ለምሳሌ ካድ የሚባል ዲኤንኤ ቆራጭ ኢንዛይም አለ፣ አስሮ የሚይዘው ደግሞ አይካድ ይባላል (ስማቸው የኛ ቋንቋ ይመስላል፣ ግን አይደለም)። ካስፔዝ 3 አይካድን ሲበጥሰው ካድ ይፈታና ዲኤንኤውን በየ180 ቤዝ ፔር (የዲኤንኤ ጥንድ ፊደል) ገደማ ይከታትፈዋል። አራት ኪሎ ተማሪ ሳለሁ ጄል ላይ (የዲኤንኤ ቁርጥራጮች በመጠን ተለይተው የሚታዩበት) አይቼዋለሁ፣ ቁርጥ መሰላል! በጉዳት ድንገት የሞተው ሴል ዲኤንኤ ግን ጎኑ ላይ እንደ ጭስ ተዝረክርኮ ነበር።

ደግሞ ሞት ሁሌ ክፉ እንዳይመስልህ። ሲ. ኤለጋንስ የምትባለው ትል ስታድግ ከ1090 ሴሎቿ 131ዱ በፕሮግራም ይሞታሉ።