መልስ፦ የምድር ቤቱ የንዝረት ንባብ ለላይኛው ፎቅ የርዕደ መሬት ማስጠንቀቂያ ይበቃል ወይ?

ጅማ ላለው ባለ 9 ፎቅ ሕንፃዎ በምድር ቤት የሚለካው ከፍተኛ ንዝረት ብቻውን አይበቃም፤ መተንበይ ያለብዎት ሕንፃው በራሱ የመወዛወዣ ጊዜ (አንዴ ወዲያና ወዲህ ለመወዛወዝ በሚፈጅበት ጊዜ) የሚሰጠውን ምላሽ ነው። የፎቁን ቁጥር በ0.1 ሰከንድ ሲያባዙ ይህን ጊዜ 0.9 ሰከንድ ገደማ ያገኙታል፤ ይህ ግን ሻካራ ግምት ስለሆነ፣ ትክክለኛውን በላይኛው ወለል ላይ አክስለሮሜትር (የንዝረትን ፍጥንጥነት የሚለካ መሣሪያ) አስቀምጠው ከዘወትሩ ጥቃቅን ንዝረት ያውጡት።

በመሬቱ ንዝረትና በሕንፃው ምላሽ መካከል ያለው ልዩነት በእርግጥ ሰፊ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. በጃፓን በደረሰው ርዕደ መሬት፣ ከመነሻው 770 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ኦሳካ የመሬቱ ንዝረት መጠነኛ ሆኖ ሳለ፣ ባለ 55 ፎቅ ሕንፃ ለ10 ደቂቃ ያህል ተወዛውዟል።

ከልምዴ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፦ መሣሪያውን ከአሳንሰር ሞተር ወይም ከጄኔሬተር አጠገብ አያስቀምጡ፤ የማሽኑ ንዝረት ከሕንፃው ንዝረት ጋር እየተቀላቀለ ንባቡን ስለሚያዛባ፣ ሁለቱም በማይሠሩበት ሌሊት መለካት ይሻላል።