የደም ምርመራው ደህና ቢሆንም የማይተኛ የጀርባ ሕመም

ጥያቄ

እናቴ 54 ዓመቷ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የጡት ካንሰር ተገኝቶባት ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ኬሞቴራፒውንም ጨርሳ እስከ ዛሬ ታሞክሲፌን የተባለውን ኪኒን በየቀኑ ትወስዳለች። ከሁለት ወር ወዲህ ግን ከወገቧ ከፍ ብሎ መሐል ጀርባዋን ያማታል። ቀን ቀን እንደ ምንም ሥራዋን ትሠራለች፤ ሌሊት ጋደም ስትል ስለሚብስባት ተነሥታ ግድግዳ ተደግፋ ታነጋለች። በአቅራቢያችን ባለ ጤና ተቋም የደም ቆጠራ፣ የጉበት፣ የኩላሊትና የካልሲየም ምርመራ ተደርጎላት ሁሉም ደህና ነው ተባልን፤ ራጁም ምንም አላሳየም። «ብርድ ነው» ተብሎ ማስታገሻ ተሰጣት። ጎረቤቶቻችን ደግሞ ወጌሻ ይያት ይሉናል። ደሟ ደህና ከሆነ ካንሰሩ ወደ አጥንቷ አልተዛመተም ብለን ልባችንን ማሳረፍ እንችላለን?

ከመሐል ሜዳ፣ ሰሜን ሸዋ

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣ እግዚአብሔር እናትዎን ይማርልዎት። በዚህ ውጤት ብቻ ልብ ማሳረፍ አይቻልም። የጀርባ ሕመም በአብዛኛው ከጡንቻ፣ ከዲስክ ወይም ከዕድሜ ጋር ከሚመጣ የመገጣጠሚያ መጎዳት የሚነሣ በመሆኑ የእናትዎም እንዲሁ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ነገር ግን ቀድሞ የጡት ካንሰር በታከመ ሰው ላይ አዲስ የመጣ፣ ሳምንታት አልፎት የማይለቅ፣ ተኝተው ሲያርፉ የሚብስ ሕመም አጥንቱ ራሱ በምስል እስኪታይ ድረስ «ብርድ» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ከጡት፣ ከፕሮስቴት፣ ከሳንባ፣ ከኩላሊትና ከታይሮይድ የሚነሡ ካንሰሮች ወደ አጥንት መሄድ ይቀናቸዋል፤ ከአጥንትም በተለይ አከርካሪን፣ ዳሌን፣ የጎን አጥንትንና የጭንን የላይኛ ክፍል።

ደሙ ለምን ደህና ይሆናል? እያንዳንዱ ምርመራ የሚለካው ሌላ ነገር ስለሆነ ነው። ካልሲየም በደም ውስጥ የሚጨምረው ከአጥንት የሚለቀቀው መጠን ኩላሊት ማስወገድ ከሚችለው ሲበልጥ ነው፤ ኩላሊት በደንብ እየሠራ ጉዳቱ ገና በአንድና በሁለት አከርካሪ ላይ ከሆነ ቁጥሩ አይነቃነቅም። ከጉበት ምርመራ ጋር የሚለካው አልካላይን ፎስፋቴዝ የተባለው ኢንዛይም ደግሞ በዋናነት የሚወጣው አጥንት ከሚገነቡ ሕዋሳትና ከጉበት ነው። ካንሰሩ አጥንቱን የሚሸረሽር ብቻ ሆኖ ግንባታ ካላስነሣ ይህም ላይጨምር ይችላል፤ በተቃራኒው በጉበት ሕመም ወይም ስብራት ሲጠገን ያለ ካንሰር ከፍ ይላል። የደም ቆጠራው የሚዛባው መቅኒው በሰፊው ሲያዝ ነው። የካንሰር ጠቋሚ የሚባሉትን ንጥረ ነገሮችም ሁሉም ካንሰር አያመነጭም። ስለዚህ የደሙ ውጤት ውሸት አይደለም፤ ስለ አጥንቱ የጠየቃችሁትን ግን አልመለሰም።

ራጁም ከዚህ ብዙ አይሻልም። በአከርካሪው ውስጥ ያለው ለስላሳ አጥንት ከማዕድኑ ከ30 እስከ 50 በመቶ ያህል እስኪያጣ ድረስ ጉዳቱ በራጅ ላይ ጎልቶ አይታይም። የተዛመተ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በመቅኒው ውስጥ ነው፤ መቅኒውን በቀጥታ የሚያሳየው በማግኔት ኃይል ምስል የሚያነሣው ኤምአርአይ ነው። እናትዎ የሚያማቸው ጀርባቸውን በመሆኑ፣ ገንዘቡ ለአንድ ምርመራ ብቻ የሚበቃ ከሆነ እኔ የማስቀድመው የመላው አከርካሪ ኤምአርአይን ነው፤ ሕብለ ሰረሰሩ፣ ማለትም በአከርካሪው ውስጥ የሚያልፈው የነርቭ ገመድ፣ ተጭኖ እንደሆነም አብሮ ያሳያልና። የአጥንት ስካን ደግሞ ከራስ ቅል እስከ እግር ያለውን አጥንት በአንድ ጊዜ ያሳያል። ቴክኒሺየም የተባለ ጥቂት ጨረር ያለው ንጥረ ነገር በክንድ ደም ሥር ይወጋል፤ ታማሚዋ ውኃ እየጠጡ፣ ሽንታቸውን እየሸኑ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ይጠብቃሉ፤ ከዚያም በጀርባቸው ተኝተው ካሜራው በላያቸው ቀስ ብሎ ያልፋል። አጥንት በብዛት እየተገነባ ያለበት ቦታ ጠቁሮ ይወጣል። በዚህም ምክንያት የሚሸረሽር ብቻ የሆነ ጉዳት በስካኑ ሊሰወር ይችላል።

የጠቆረ ቦታ ታየ ማለትም ካንሰር ነው ማለት አይደለም። የቆየ ስብራትና የመገጣጠሚያ ሕመም እንዲሁ ይጠቁራሉ፤ በአገራችን ደግሞ የአከርካሪ ቲቢና ያልፈላ ወተት በሚጠጣበት አካባቢ የሚገኘው ብሩሴሎሲስ ፈጽሞ መዘንጋት የሌለባቸው፣ በመድኃኒት የሚድኑ በሽታዎች ናቸው። ጥርጣሬ ካለ ከአጥንቱ በመርፌ ናሙና ይወሰዳል። ናሙናው የካንሰሩን ጠባይ፣ ማለትም ለሆርሞን መድኃኒት ምላሽ መስጠት አለመስጠቱን፣ እንደገና ለማወቅም ይጠቅማል፤ ይህ ጠባይ በሦስት ዓመት ውስጥ ተለውጦ ሊገኝ ይችላልና።

አሁን የምታደርጉት ይህ ነው። እናትዎን ደብረ ብርሃን ወደሚገኘው ሐኪም ግዛው ሆስፒታል ውሰዷቸው። የቀዶ ሕክምናውን ማጠቃለያ፣ የፓቶሎጂ (የዕጢው ናሙና ምርመራ) ውጤቱንና የራጁን ፊልም ራሱን ያዙ፤ በምርመራ መጠየቂያው ወረቀት ላይ «ቀድሞ የጡት ካንሰር ነበረባት» ተብሎ እንዲጻፍም ጠይቁ። ምስሉን የሚያነበው ባለሙያ ይህን ሳያውቅ የሚያየውና አውቆ የሚያየው አንድ አይደለም። የአጥንት ስካን የኑክሌር ሕክምና ክፍል ባለበት ሆስፒታል ብቻ የሚሠራ ስለሆነ ለእርሱ ሪፈር ወደ አዲስ አበባ ያስፈልጋችኋል።

ወጌሻን በተመለከተ አጥብቄ እለምናችኋለሁ፦ ምስሉ ታይቶ እስኪታወቅ ድረስ ማንም ጀርባቸውን እንዳያሽ፣ እንዳይጫን፣ እንዳይጎትት። የተዳከመ አከርካሪ በእሽት ሊደረመስና ሕብለ ሰረሰሩን ሊጫን ይችላል። ሸንኮራ ዮሐንስ ወይም ጻድቃኔ ማርያም ለጸበል መሄድ ቢፈልጉም ኪኒናቸውን አያቋርጡ፤ ምርመራውም ከጸበሉ መልስ ይደረሳል ተብሎ አይዘግይ።

እግራቸው ከዛለ፣ ከደረት ወይም ከወገብ በታች ከደነዘዛቸው፣ ሽንት ከተያዘባቸው ወይም ካመለጣቸው ቀጠሮ የሚጠበቅበት ጉዳይ አይደለም፤ በዚያው ዕለት ድንገተኛ ክፍል መድረስ አለባቸው። ሰው በእግሩ እየሄደ ሳለ የተጀመረ ሕክምና መራመዱን ሊያቆይለት ይችላል፤ ሽባ ከሆነ በኋላ ግን የመመለሱ ዕድል በእጅጉ ያንሳል። ብርቱ ጥም፣ ሽንት ማብዛት፣ የሆድ ድርቀትና መዘባረቅ አብረው ከመጡ ደግሞ የካልሲየም መጨመር ምልክት ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ባለፈው ደህና ነበር ሳይባል ደሙ ዳግም ይመርመር።

ካንሰሩ አጥንት ውስጥ ቢገኝስ? ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ባይቻልም ብዙዎች በሆርሞን መድኃኒት ለውጥ ለዓመታት ይኖራሉ። ሕመሙን አንድ ጊዜ ብቻ በሚሰጥ ጨረር ማስታገስ የሚቻልበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ዞሌድሮኒክ አሲድ የተባለው መርፌ አጥንቱ እንዳይሰበር ያግዛል፤ ከመጀመሩ በፊት ግን የጥርስና የኩላሊት ምርመራ ያስፈልገዋል።

ጥያቄ

የጡት ካንሰር ሕክምናዬን ዓምና ጨርሻለሁ፤ ምንም አያመኝም። በየዓመቱ የአጥንት ስካን ልነሣ?

ከደብረ ሲና

መልስ

አያስፈልግዎትም። ምልክት በሌለው ሰው ላይ በየጊዜው የሚደረግ የአጥንት ስካን ዕድሜ እንደሚያራዝም አልታየም፤ የቆየ ስብራት ወይም የጉልበት ሕመም ጠቁሮ ታይቶ በከንቱ ያስጨንቃል፣ ገንዘብ ያስወጣል። የሚያስፈልግዎት በቀጠሮዎ ቀን በሐኪም መታየት፣ በየዓመቱ የማሞግራም ምርመራና የታዘዘልዎትን ኪኒን ሳያቋርጡ መውሰድ ነው። አንድ ቦታ ላይ የጀመረ ሕመም ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ወይም ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰዎት ግን ቀጠሮውን ሳይጠብቁ ለሐኪምዎ ይንገሩ።