ከአራት ወር በኋላ የተነገረ ጉድለት

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ሰሞኑን በተካሄደው የግማሽ ዓመት የሥራ አፈጻጸም ምዘና የቅርብ ኃላፊዬ «ሥራን በወቅቱ ማጠናቀቅ» በሚለው መስፈርት ዝቅተኛ ነጥብ ሰጥተውኛል። ምክንያቱን ስጠይቃቸው ከአራት ወር በፊት ሁለት ሪፖርቶች ዘግይተው እንደደረሷቸው ነገሩኝ፤ በጊዜው ግን አንዳች ቃል አልተነፈሱም። ቅጹ ፊርማዬን እየጠበቀ ነው። ልፈርም ወይስ ልተው?

መልስ፦ በቅድሚያ ከፊርማው ቦታ በላይ የሰፈረውን ዐረፍተ ነገር በጥሞና ያንብቡ። በብዙ ቅጾች ላይ ፊርማው ምዘናውን ማንበብዎን እንጂ በውጤቱ መስማማትዎን አያረጋግጥም፤ የእርስዎም ቅጽ እንዲህ ከሆነ የማይስማሙበትን ነጥብ በአስተያየት መስጫው ላይ ጽፎ መፈረሙ አልፈርምም ብሎ ከመሟገት ይሻላል። ስምምነትን የሚገልጽ ከሆነ ግን ከመፈረምዎ በፊት የቅሬታ አቀራረቡንና የጊዜ ገደቡን የሰው ኃይል ክፍሉን ይጠይቁ። አስተያየትዎ አጭርና ማስረጃ ያለው ይሁን፤ «የመጀመሪያው ሪፖርት የዘገየው የሽያጭ መረጃው ከቀነ ገደቡ ሁለት ቀን አልፎ ስለደረሰኝ ነው፤ በዕለቱ የላክሁት ኢሜይል ተያይዟል» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር፣ በደልን ከሚዘረዝር ሙሉ ገጽ ይልቅ ክብደት አለው።

ሪፖርቶቹ በእርግጥ ዘግይተው ከነበረ ኃላፊዎ ጉዳዩን ማንሳታቸው አያስወቅሳቸውም፤ የሚያስወቅሳቸው እስካሁን ዝም ማለታቸው ነው። በእኛ እምነት ሠራተኛ በምዘና ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው ጉድለት ሊኖር አይገባም፤ የግማሽ ዓመቱ ምዘና የሚካሄደው በቀሪው ጊዜ የሚስተካከለውን ለማስተካከል እንጂ የተጠራቀመ ቅሬታ ለማወራረድ አይደለምና።

ሆኖም ግብረ መልስ ስለበዛ ብቻ ሥራ አይሻሻልም። ክሉገርና ዴኒሲ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1996 እ.ኤ.አ. በርካታ ቀደምት ጥናቶችን አጣምረው ባሳተሙት ትንተና፣ ግብረ መልስ በአማካይ አፈጻጸምን ቢያሻሽልም ከተመረመሩት ውጤቶች ከሲሶ በላይ በሚሆኑት ላይ ግን አፈጻጸሙን ዝቅ እንዳደረገው አሳይተዋል፤ ትኩረቱ ከሥራው ወደ ሠራተኛው ማንነት በዞረ መጠንም ጥቅሙ እንደሚቀንስ አመልክተዋል። «ቸልተኛ ነህ» የተባለ ሰው ራሱን ለመከላከል ይነሣል፤ «ሁለተኛው ሠንጠረዥ አልተሞላም» የተባለ ግን ሠንጠረዡን ይሞላል።

ስለዚህ ነጥቡ ቢስተካከልም ባይስተካከልም፣ በየሁለት ሳምንቱ ስለ ሥራው ብቻ የምትነጋገሩበት ሩብ ሰዓት እንዲመድቡልዎ ኃላፊዎን ይጠይቁ፤ የተስማማችሁበትንም በዚያው ቀን በሁለት መስመር ኢሜይል ይላኩላቸው። መዛኝ በአብዛኛው የሚያስታውሰው የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ስለሆነ፣ ይህ ማስታወሻ በዓመቱ መጨረሻ ለሁለታችሁም ይጠቅማል። ጊዜ የለኝም ካሉዎት ደግሞ እያንዳንዱን ሪፖርት ሲያስረክቡ «የሚስተካከል ነገር ካለ እስከ ዓርብ ቢያሳውቁኝ» ብለው ይጻፉላቸው።