መልስ፦ ስልኩ ለሥራ ይውጣ፣ ሲያበቃ ቦርሳ ይግባ

መምህር፣ ተማሪዎችዎ በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ስልክ እንዲጠቀሙ መፍቀድ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል ብለው ጠይቀዋል። እኔ ይጠቅማል ባይ ነኝ፤ ነገር ግን ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ አይደለም። ድምፁ የጠፋ ስልክ እንኳ ዓይን ይስባል።

በስልክ ውስጥ የፍጥነት ለውጥን የሚለካ መሣሪያ እንዳለ ብዙ ተማሪ አያውቅም። በጀርመን አኸን ከተማ በሚገኘው የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ፋይፎክስ የተባለ ነጻ መተግበሪያ ልኬቱን በግራፍ ያሳያል። ስልኩን በትንሽ ከረጢት አድርገው በገመድ ያንጠልጥሉት። ከተንጠለጠለበት ነጥብ እስከ ስልኩ መሐል 1 ሜትር ይሁን። ቀስ ብለው ሲያወዛውዙት አንድ ደርሶ መልስ 2 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ይህን ርቀት ወደ 25 ሳንቲሜትር ያሳጥሩትና ተማሪዎቹ አስቀድመው ይገምቱ። አብዛኞቹ ግማሽ ሰከንድ ይላሉ፤ ልኬቱ ግን 1 ሰከንድ ያህል ያሳያቸዋል፤ ጊዜው የሚከተለው የርዝመቱን ስኩዌር ሩት ነውና። የእኔ ተማሪዎች ስኩዌር ሩትን ከልብ የተከራከሩበት ያን ቀን ነው!

መተግበሪያው አስቀድሞ ከተጫነ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ለአራት ተማሪ አንድ ስልክ ይበቃል፤ እንዲያውም ይሻላል፣ ስልክ የሌለው ልጅ አንገቱን አይደፋምና። መዝጋቢነቱን ለእርሱ ይስጡት።