በጾም ሞሮኮ ለምትሄደው እህታችን

«በዓቢይ ጾም ለ10 ቀን ሞሮኮ ልሄድ ነው፤ ምን እበላለሁ? ባህላቸውንስ እንዴት በቅርብ ልየው?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም የሄድኩት በጾም ነበር። አይዞሽ፣ አትራቢም።

ጠዋት ቢሳራ ፈልጊ። የባቄላ ክክ እስኪፈርስ ተቀቅሎ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ይፈጫል። የወይራ ዘይት ይፈስበታል፣ ከሙን ይነሰነስበታል። በትኩስ ዳቦ እየጠቀስሽ ነው የምትበዪው። ሹሮ እየበላ ላደገ ሰው እንግዳ አይሆንም። ፌዝ በምትባለው ከተማ አሮጌው ሰፈር ውስጥ በትልልቅ ማሰሮ የሚሸጡ ትንንሽ ቤቶች አሉ። ዛሉክ የሚሉት የደበርጃንና የቲማቲም ምግብም ጾም ነው።

ኩስኩስ ላይ ግን ተጠንቀቂ፤ ከስንዴ የሚሠራ፣ በእንፋሎት የሚበስል ደቃቅ ምግብ ነው። «የአትክልት ነው» ቢሉሽም ብዙ ጊዜ የሚበስለው በሥጋ መረቅ እንፋሎት ነው። ስመን የሚባል ቂቤም ይገባበታል፤ ሽታው የኛን የቆየ ቂቤ ያስታውስሻል። እኔ ሳላውቅ በልቼ በጣም ከፍቶኝ ነበር። «ብላ ልሃም፣ ብላ ስመን» በያቸው። ያለ ሥጋ፣ ያለ ቂቤ ማለት ነው።

ጾመኛ መሆንሽን አትደብቂ። እነሱ ዘንድ ጾም ቀን ሙሉ ውሃም አለመቅመስ ስለሆነ ትንሽ ማስረዳት ይጠይቃል። ከገባቸው በኋላ ግን ያከብሩሻል። ያረፍኩበት ቤት እናት ይህን ሰምተው አርብ ቀን ጠሩኝ። አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቤተሰቡ አንድ ትሪ ከቦ ኩስኩስ ይበላል። ለእኔ በውሃ ብቻ ያበሰሉትን ለብቻ አቀረቡልኝ። ከትሪው የምትበዪ ከሆነ በቀኝ እጅሽ፣ ከፊት ለፊትሽ ብቻ ብዪ፤ መሃል ያለውን ሥጋ የሚያከፋፍሉት ባለቤቶቹ ናቸው። እናትየው ዱባና ሽንብራ እየጨመሩ «ብዪ፣ ብዪ» ሲሉኝ የእናቴ ጉርሻ ትዝ አለኝ።

ሁሉንም ቀን ማራኬሽ ከተማ አትጨርሺው። ሁለት ቀን ለአትላስ ተራሮች ስጪ፤ እኔ ኢምሊል የምትባል መንደር ነበርኩ። እዚያ ያሉትን ሰዎች ሌላው በርበር ይላቸዋል፤ እነሱ ግን ራሳቸውን የሚጠሩት አማዚግ ብለው ነው። ቋንቋቸው በ2011 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥት ከዐረብኛ ጎን የመንግሥት ቋንቋ ሆኗል። ቲፊናግ የተባለውን የራሳቸውን ፊደል የመሥሪያ ቤት በር ላይ ሳይ፣ የራሷ ፊደል ካላት አገር ስለመጣሁ ልቤ ሞቀ። ቁርስ ላይ አምሉ ያቀርቡልሻል። አልመንድ (ኦቾሎኒ አይደለም)፣ አርጋን ከሚባል የአገሩ ዛፍ ፍሬ የሚወጣ ዘይትና ማር ተፈጭቶ ነው፤ ለጾም ይሆናል።

ሻዩ ከአረንጓዴ ሻይ ቅጠልና ከናና ይፈላል፣ ስኳሩ ብዙ ነው፣ አረፋ እንዲያወጣ ከላይ ይቀዳል። አንድ ብርጭቆ ጠጥተሽ አትነሺ። ልክ እንደኛ ቡና፣ ሁለተኛው እስኪቀዳ ቁጭ በይ፤ ወሬው ያኔ ነው የሚጀመረው።