ጀርባው ላይ ያለው 1944 በማን አቆጣጠር ነው?

እህቴ፣ ከቡራዩ የላክሽልንን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። አያትሽ የብረት ቆብ አድርገው ቆመዋል። የተለጠፈበት ካርቶን ጀርባ ላይ 1944 ይላል። «ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ላይ ነበሩ ማለት ነው? ሌላ ጽሑፍ ካለው ከካርቶኑ ልላጠው?» ብለሻል። ብዙዎች አዎ ብለውሻል። እኔ ግን በሁለቱም አልስማማም።

ቁጥሩን የጻፈው የአገራችን ሰው ከሆነ በእኛው አቆጣጠር ነው የሚጽፈው። በፈረንጆቹ ከ1951 መስከረም እስከ 1952 መስከረም መሆኑ ነው። ያኔ ደግሞ አገራችን ለኮሪያ ጦርነት የላከችው ጦር፣ ቃኘው ሻለቃ፣ ኮሪያ ነበር። የመጀመሪያው ዘማች ከአዲስ አበባ የተነሳው ሚያዝያ 1943 ነው።

ቁጥር ብቻውን ግን አይበቃም፤ ሰው ከዓመታት በኋላም ይጽፋል። እኔ ፎቶ ሲመጣልኝ ከመልክ በፊት ወገብ ነው የማየው። ከ1933 በኋላ ጦራችንን ያሠለጠኑት እንግሊዞች ነበሩ። የእነሱን ትጥቅ የታጠቀ ወታደር ደረቱ ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ትልልቅ ኪስ ይታያል። የብረት ቆባቸውም ዝርግ ነው፣ የተደፋ ሳህን ይመስላል። ቃኘው ኮሪያ ላይ የታጠቀው የአሜሪካኖቹን ነው። ዝናሩ አሥር ትንንሽ ኪሶች አሉት፣ ወገብን ይዞራል። ቆቡ ጠለቅ ብሎ ወደ ጆሮ ይወርዳል። አያትሽ ወገብ ላይ አጉልቼ ስቆጥር ከፊት ብቻ ስድስት ኪስ አገኘሁ። ቆቡም ጥልቁ ነው።

እዚህ ላይ ግን እንጠንቀቅ። በእኛው አቆጣጠር በ1945 ከአሜሪካ ጋር ከተደረገው የወታደራዊ ዕርዳታ ስምምነት በኋላ የአሜሪካ ትጥቅ አገር ቤትም ገብቷል። ስለዚህ ዝናሩ ብቻውን ኮሪያን አያረጋግጥም። ወሳኙ ግራ ትከሻ ነው። ቃኘው የተመደበው ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ነበር። የክፍለ ጦሩ ምልክት ቀይ ክብ ሲሆን ውስጡ ሁለት ጥቁር ሦስት ማዕዘኖች ጫፍ ለጫፍ ገጥመዋል። በጥቁርና ነጭ ፎቶ ቀዩም ስለሚጠቁር ክቡ ብቻ ሊታይሽ ይችላል። አንቺ የላክሽው ላይ ትከሻቸው ብልጭታ ውጦታል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ፎቶው ተገልብጦ ታትሞ ከሆነ ግራው ቀኝ ይሆናል። የሸሚዙን ቁልፍ እዪ። የወንድ ሸሚዝ ግራው ከላይ ሆኖ ነው የሚቆለፈው።

ስለ መላጡ ግን አደራ፣ እንዳትነኪው! ሰንዳፋ አክስቴ ቤት የአጎቴ ፎቶ ነበር። ጀርባውን ለማንበብ ቸኩዬ ከካርቶኑ ስስበው ፊቱ ላይ ተቀደደ። ሌላ ፎቶ አልነበረውም። አክስቴ አንድም ቃል አልተናገረችኝም። እኔን ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጠዋት መስኮት አጠገብ አድርጊውና ያለ ብልጭታ ግራ ትከሻቸውን ብቻ አቅርበሽ አንሺ። ሳጥናቸው ውስጥ ሜዳይ ካለም ሪባኑን እዪው። የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳይ ሰማያዊና ነጭ ቀጫጭን መስመሮች አሉት፣ ሲቆጠሩ 17 ናቸው። ለእኛ ዘማቾች የተሠራው ጀርባ ላይ ጽሑፉ በአማርኛ ነው። እሱንም አብረሽ ላኪልን።